ተላላኪዋ

መብራት ጠፋ ደግሞ። ጄኔሬተሩ አሳለ፣
አንዴ ተንፈራገጠ፣ ሁለቴ… ተቀጣጠለ።
ሠላሳ ሰባት ይላል የማሞቂያው ቁጥር፤
ከዚያ በታች ከወረደ የአራት ወር ድካም አፈር።

ከመስኮቱ ባሻገር ታቦር ጨለማ ለብሷል፣
አባ ኮዳው ከመብራት ምሰሶ ላይ አንገቱን ቀብሯል፣
የማታ ዘበኛ ይመስል፣ ደሞዝ ያልተከፈለው፤
ሁለታችን ብቻ ነን ይቺን ሌት የምንጠብቀው።

አንቺ ግን አታውቂም። በሾርባሽ ትዋኛለሽ፣
አንዷ ሁለት ሆነሽ፣ ሁለቷ አራት ትሆኛለሽ።
ስምሽ ቁጥር ብቻ ነው፤ “ሀ አሥራ ሰባት” ይሉሻል፣
በዘረመልሽ መሃል አንድ ትእዛዝ ጽፈንብሻል፦
“ቁስሉ ጋ ስትደርሺ፣ ትኩሳቱን ስታሸቺ፣
እዚያው ቁጭ በይና መድኃኒቱን ሥሪ፤ እስክትሞቺ።”

የሌጋሞ አንጀት ነው እህቶችሽ የተላኩበት አገር።
አሞራ ገደል ዳር ጀልባ ያለው፣ ብዙ የማይናገር፣
ሚስቱ ምን ሆንክ ብትለው “ሆድ ይፍጀው” ይላል ዘወትር፤
ሆዱም ቃሉን ሰማና ይፈጀው ጀመር።
ደም ያየበትን ቀን ለራሱ ብቻ ነገረ፣
ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት ቀዳዳ ጨመረ።

ብልቃጡን ሳሳየው ፊቱ ጠቆረብኝ፦
“ውሃ አፍላ ስትሉኝ፣ እጅህን ታጠብ ስትሉኝ
ኖራችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ጀርሙን ጠጣ አላችሁኝ!
ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ መንጠቆን ከሥጋው ለይቼ አውቃለሁ፤
ተይ እህቴ፣ በሆዴ ማንንም አላሳድር፤ ብቻዬን እችለዋለሁ።”

እውነቱን ነው።
ስለ ፕሮቲን ልነግረው ነበር፤ ስለ ሞለኪውል፣ ስለ ግራፍ፤
ከአፌ የወጣው ግን የእናቴ ጓሮ ነው፣ የሁላ ጭጋግ፣ የእንሰት ቅጠል ጫፍ።

“እናቴ እንሰት ፍቃ ትቀብራለች ጉድጓድ ውስጥ፣
ቅጠል አልብሳ፣ ድንጋይ ጭና ትተወዋለች ሲብላላ፣ ሲለወጥ።
ማን ነው በጨለማ ገብቶ ያንን ዋሳ የሚያበስለው?
እሳት የለ፣ ጭስ የለ፤ ዓይን የማያየው እጅ ነው።
አሮጌውን እርሾ ከአዲሱ ጋር ስታዛምድ፣
አንተስ ስንቱን ሺህ ውጠሃል ከቆጮው ጋር በአንድ ማዕድ?”

ሳቀ። ሲስቅ ሆዱን ያዘ፤ ሳቅም ያመዋል ለካ።
“እሺ፤ ሥራዋን ስትጨርስስ? ሐይቁን እንዳትነካ!
ቆሮሶው ምን በወጣው? አምባዛው፣ ቢልጫው ምን ባጠፋ?
እኔ ልድን ብላችሁ የውሃው ቤተሰብ እንዳይጠፋ።”

“አትነካም” አልኩት፤ “አንድ ምግብ አጉድለንባታል፣
ከእንክብሉ ጋር ካልሰጠናት ራሷን ችላ መኖር ያቅታታል።
ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ከሆድህ የወጣች ለት
አትዋኝም፣ አትራባም፤ እዚያው ነው የምትሞት።”

ብዙ ዝም አለ። ከውጭ ባጃጅ ጮኸ፣ አለፈ።
“ሠራተኛ ናት” አለ በመጨረሻ፤ “ደመወዟን ማን ጻፈ?”
ከዚያ ውሃ ጠይቆ ዋጣት። ጉሮሮው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፤
“ጣዕም የላትም” አለኝና፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ጀልባው ኮበለለ።

ዛሬ ሃያኛው ቀን። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤
ዳነ አልልም፣ ከሸፈ አልልም፤ ሠንጠረዡ ገና አልሞላም።
ግን ከቀትር በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ፣
ሁለት ቆሮሶ ለእኛ፤ አንዲት ትንሽ ደግሞ ከኪሱ አወጣ።
“ይቺስ የማን ናት?” ብለው ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ፦
“ለዚያች ለሞተችው” አለ። ሌላም አልተናገረ።

አንጀቱን የታመመ ሰው፣ የእኔን አንጀት በላው።

ሊነጋ ነው። ትንሿ ዓሣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ናት፤
“ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው” ይላል ግድግዳው፤ እንዳላየ ሰው አለፍኩት።
አባ ኮዳው አንገቱን ከላባው አውጥቶ ያያታል፤
ሠላሳ ሰባት ይላል ቁጥሩ። አራት ነበርሽ፤ ስምንት ሆነሻል።